የተስፋ ዳቦ፦ ርግቦችን ያሠራችው ብልጭታ

(በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንዲት የተራበች ርግብ ጠባብ ሣጥን ውስጥ ቆማለች። ከፊቷ ባለው ግድግዳ ላይ ክብ ቁልፍ አለ። ቁልፉን በመንቁሯ ትመታለች። አራት ደቂቃ ካለፈ በኋላ የምታሳርፈው የመጀመሪያ ምት ነጭ መብራት ያበራል። መብራቱ ከአንድ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። እህል ግን የለም። ሌላ አራት ደቂቃ፣ ሌላ ብልጭታ፤ አሁንም እህል የለም። እህል የሚመጣው አሥራ አምስተኛው ዙር ሲያበቃ ነው። ቢያንስ አንድ ሰዓት ሙሉ መጠበቅ አለባት ማለት ነው።

ርግቧ ተስፋ ቆርጣ ጥግ ይዛ አልተቀመጠችም። በእያንዳንዱ ዙር መጀመሪያ ላይ ዝግ እያለች፣ ወደ መጨረሻው ላይ እየፈጠነች፣ ልክ በየአራት ደቂቃው እህል እንደሚሰጣት ሁሉ ትሠራ ነበር። ብልጭታው ሲነሳ ግን ያ ሥርዓት ይላላል፤ ምቱም ይቀንሳል።

ሙከራውን በ1966 ያሳተመው ሮጀር ኬለኸር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። በአማርኛ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይባላል። የኬለኸር ርግብም በሰማይ ያለች ላሟን በየአራት ደቂቃው በጨረፍታ ታያት ነበር፤ ወተቱን የምትቀምሰው በሰዓት አንዴ ነው። ያቺ ጨረፍታ ለርግቧ ምኗ ነበረች? የምግብ ምትክ? ወይስ «መንገዱ ይህ ነው፣ ቀጥይ» የምትል ምልክት ብቻ?

ጥያቄው ለአሥርተ ዓመታት የላብራቶሪ ሰዎችን አከራክሯል። ክርክሩ የርግብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለእነሱ በተተወ ነበር። ነገር ግን ዛሬ በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ውስጥ ብልጭ የሚል፣ ቀጭ የሚል፣ የሚንዘር መሣሪያ አለ። የመሣሪያው ባለቤቶችም አንድ ሙግት ደጋግመው ያቀርባሉ፦ ሰዎች ይህን ያህል ጊዜ የሚነካኩት ስለሚወዱት ነው። የብልጭታዋ ታሪክ ይህን ሙግት በቀጥታ ይፈትነዋል።

◆ ባዶው «ቀጭ»

የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው ከሩሲያ ነው። ኢቫን ፓቭሎቭ ውሻ ከምግብ በፊት የሚሰማውን ድምፅ ከምግቡ ጋር ካዛመደ በኋላ በድምፁ ብቻ ምራቁ እንደሚወርድ ማሳየቱ ይታወቃል። ከፓቭሎቭ ቤተ ሙከራ የወጣ ሌላ ሥራ ግን አንድ እርምጃ ይቀጥላል። ውሻው የሜትሮኖም ድምፅ ሲሰማ ምራቁ መውረድ ከለመደ በኋላ፣ ጥቁር ካሬ እያሳዩት ከካሬው ቀጥሎ ድምፁን ብቻ ያሰሙት ነበር። ምግብ አልነበረም። ከጊዜ በኋላ ካሬውም ምራቅ ማስወረድ ጀመረ። አንድ ምልክት ከሌላ ምልክት ዋጋ ተበደረ። ይሁንና ብድሩ አቅም አልነበረውም፤ ምግብ ካልተጨመረበት ቶሎ ይከስማል።

ቀጣዩን ምዕራፍ የጻፈው ቢ. ኤፍ. ስኪነር ነው። በ1904 በፔንሲልቫኒያ የተወለደው ይህ ሰው በሃርቫርድ ተምሮ ስሙን ያስጠራለትን መጽሐፍ በ1938 አሳተመ። በሙከራ ሣጥኑ ውስጥ አይጧ ትንሽ ዘንግ ስትጫን የምግብ መስጫው ማሽን እንክብል ይጥልላታል። ማሽኑ እንክብሉን ሲጥል «ቀጭ» የሚል ድምፅ ያሰማል። ስኪነር መጀመሪያ አይጦቹን ድምፁንና እንክብሉን አለማመዳቸው፤ ዘንግ ገና አልነበረም። ከዚያ ዘንጉን አስገባ፤ ማሽኑን ግን ባዶ አደረገው። አይጧ ዘንጉን ስትጫን የምታገኘው «ቀጭ»ን ብቻ ነው።

አይጦቹ ዘንግ መጫን ተማሩ። አንድም እንክብል ሳያገኙበት፣ በድምፅ ብቻ አዲስ ሥራ ለመዱ። እርግጥ ነው፣ ለዘለዓለም አልቀጠሉም፤ ድምፁ ባዶ መሆኑ ሲደጋገም ሥራውም እየደከመ ሄደ። ግን ነጥቡ ተመታ፤ ድምፅ ለጊዜው ደመወዝ መሆን ይችላል።

በዚያው በ1938 ቡገልስኪ የተባለ ሌላ ተመራማሪ ነገሩን ከጀርባው አየው። አይጦቹን በምግብና በ«ቀጭ» አሠለጠናቸው፤ ከዚያ ምግቡን ለሁሉም አቋረጠ። ለግማሾቹ ድምፁን ተወላቸው፤ ለግማሾቹ ድምፁንም ወሰደባቸው። ድምፁ የቀረላቸው አይጦች ተስፋ ለመቁረጥ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ባዶው ድምፅ ሥራ ማስጀመር ብቻ ሳይሆን ተስፋ መቁረጥንም ማዘግየት እንደሚችል ታወቀ።

ከሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1936፣ ጆን ዎልፍ በዬል ዩኒቨርሲቲ ቺምፓንዚዎችን እንደ ሳንቲም ባሉ የጨዋታ ጠጠሮች አሠርቶ ነበር። ነጩ ጠጠር ማሽን ውስጥ ሲገባ የወይን ፍሬ ይሰጣል፤ የነሐሱ ምንም አይሰጥም። ቺምፓንዚዎቹ ነጩን ለማግኘት ለወይን ፍሬው እንደሚሠሩት ያህል ይሠሩ ነበር፤ ለነሐሱ ደንታ አልነበራቸውም። ገንዘብ ማለት ምን እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ አጭር መግቢያ አይገኝም።

◆ የቅዳሜው እንክብል

እስከዚህ ድረስ ምልክቱ የታየው ምግብ ሲኖርና ሲቋረጥ ነው። በመሐል ያለው ሰፊ ሜዳ፣ ምግብ አልፎ አልፎ የሚመጣበት ዓለም፣ ገና አልተነካም። ሜዳው የተከፈተው በቁጠባ ምክንያት ነው።

ስኪነር ራሱ እንደተረከው፣ በዚያን ዘመን የአይጦቹን እንክብል በእጅ ማሽን የሚሠራው እሱ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ክምችቱን ሲያይ ቀሪውን ቀንና ምሽቱን ማሽኑ ላይ ካላሳለፈ እንክብሉ ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ላይ እንደሚያልቅበት አሰላ። ታዲያ አይጧ ዘንግ በተጫነች ቁጥር ለምን ትሸለማለች? በደቂቃ አንዴ ብቻ ቢሰጣትስ? እንዲሁ አደረገ። አይጧ ሥራዋን አላቆመችም፤ እንዲያውም የሚተነበይ፣ የተረጋጋ ፍጥነት ያዘች።

ከዚያ ቅዳሜ የተወለደው ጥናት በ1957 ትልቅ መጽሐፍ ሆነ። ስኪነር ከቻርልስ ፈርስተር ጋር በሃርቫርድ የርግብ ቤተ ሙከራ ያካሄደው ሥራ ነው። መጽሐፉ 70,000 ሰዓት ያህል ያለማቋረጥ በተመዘገበ ባሕርይና ሩብ ቢሊዮን ገደማ በሚሆኑ ምቶች ላይ የቆመ ነው። እያንዳንዱ ምት ብዕሯን አንድ እርከን ከፍ ያደርጋታል፤ ወረቀቱ በቋሚ ፍጥነት ይሮጣል። መስመሩ ሲቆም ርግቧ ቆማለች፤ መስመሩ ሽቅብ ሲወጣ ርግቧ ትሮጣለች።

ከወረቀቱ የተነበበው የሚገርም ነበር። እያንዳንዱ የሽልማት ደንብ የራሱ ፊርማ አለው። በምት ቁጥር የሚከፈላት ርግብ ከክፍያ በኋላ አረፍ ትልና ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ትጨርሰዋለች። በጊዜ ልክ የሚከፈላት መጀመሪያ ትዘገያለች፤ ሰዓቱ ሲቃረብ ትፈጥናለች። ክፍያው በስንተኛው ምት እንደሚመጣ የማታውቀው ደግሞ ያለ እረፍት በከፍተኛ ፍጥነት ትመታለች። ስኪነር የመጨረሻውን ደንብ ከቁማር ማሽን ጋር ያመሳሰለው በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ ነው።

ፊርማዎቹ መታወቃቸው ለብልጭታዋ ጥናት መሣሪያ ሰጠ። ተመራማሪው ከአሁን በኋላ «እንስሳው ሠራ ወይስ አልሠራም» ብሎ ብቻ አይጠይቅም። «የብልጭታው ፊርማ የምግቡን ፊርማ ይመስላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

◆ ደንብ በደንብ ላይ

ኬለኸር ወደዚህ ጥያቄ የመጣው በቺምፓንዚዎች በኩል ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በፍሎሪዳ በሚገኘው የየርክስ ቤተ ሙከራ ቺምፓንዚዎች ቁልፍ እየተጫኑ ጠጠር ይሰበስቡ ነበር፤ ጠጠሩን በምግብ የሚለውጡት ብዙ ሲጠራቀም ብቻ ነው። እጃቸው ባዶ ሲሆን ለረጅም ጊዜ ሥራ ይፈታሉ። ጠጠሩ ሲበዛ ይፈጥናሉ። ጠጠሩ ምን ያህል መንገድ እንደቀረ የሚናገር ይመስላል።

በ1965 ፊንድሊና ብሬዲ የተባሉ ተመራማሪዎች አንዲት ትንሽ መብራት ምን ያህል ሸክም እንደምታሸክም አሳዩ። ቺምፓንዚው ምግብ የሚያገኘው 4,000 ጊዜ ቁልፍ ሲጫን ነው። ይህ ብቻውን ሲሆን እንስሳው በየመሐሉ ረጅም እረፍት ይወስዳል። በየ400 ጭነቱ ከምግብ ጋር የምትታየው መብራት ለአፍታ ብልጭ ስትልለት ግን እረፍቱ አጠረ፤ ሥራውም ቀጠለ። የምግቡ መጠን አልጨመረም። ሥራው አልቀነሰም። የተጨመረው የመብራት ብልጭታ ብቻ ነው።

ከአንድ ዓመት በኋላ የታተመው የኬለኸር የርግብ ሙከራ ነገሩን በሥርዓት አደራጀው። እዚህ ሁለት ደንቦች ተደራርበዋል። የታችኛው «አራት ደቂቃ ጠብቀሽ ምቺ፣ ብልጭታ ታገኛለሽ» ይላል። የላይኛው ደግሞ «ይህን አሥራ አምስት ጊዜ ፈጽሚ፣ እህል ታገኛለሽ» ይላል። ብልጭታው ባለበት የእያንዳንዱ ዙር መስመር በጊዜ ልክ የምትከፈል ርግብ ፊርማን ይዞ ወጣ። ርግቧ የተስፋ ዳቦን እንደ ዳቦ እየቆጠረች ትሠራ ነበር ማለት ያስደፍራል።

ያስደፍራል፤ ግን እውነት ነው?

◆ ምትክ ወይስ የመንገድ ምልክት?

እዚህ ላይ ነው ሠፈሩ ለሁለት የተከፈለው።

የመጀመሪያው ወገን ብልጭታው ከምግብ ጋር አብሮ በመዋል የምግብን ዋጋ ወርሷል ይላል። ለዚህ ወገን ከላብራቶሪ ውጭ የሚያስቅ ምስክር ነበረው። የስኪነር ተማሪዎች የነበሩት ኬለር እና ማሪያን ብሬላንድ እንስሳትን ለትርኢትና ለማስታወቂያ የሚያሠለጥን ድርጅት ከፍተው ነበር። በ1961 ባሳተሙት ጽሑፍ የገጠማቸውን ችግር ዘረዘሩ። ራኩን የተባለውን አውሬ ሳንቲም ወስዶ ሣጥን ውስጥ እንዲከት አስተማሩት። አንድ ሳንቲም ሲሆን ቀና። ሁለት ሲሆን ግን ራኩኑ ሳንቲሞቹን እርስ በርስ ማፋተግ ያዘ፤ ምግብ ሲያገኝ እንደሚያደርገው ማለት ነው። አሳማዋም ሳንቲሙን ወደ ሣጥኑ መውሰዱን ትታ በአፍንጫዋ መሬት ላይ ታገላብጠው ጀመር። ሳንቲሙ እንደ ምግብ ተቆጠረ። እንስሳቱ ከዚህ የተነሳ እውነተኛውን ምግብ እያዘገዩ ነበር።

ሁለተኛው ወገን ምልክት የሚሠራው ዜና ስለሚያመጣ ነው ይላል። በ1962 ኤገር እና ኒል ሚለር አይጦችን ከምግብ በፊት ሁለት ምልክቶች አሳዩአቸው፤ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ጥቂት ቆይቶ ይጀምራል። ሁለቱም ከምግብ ጋር እኩል ውለዋል። ኋላ ሲፈተኑ ግን ጉልበት ያለው ቀድሞ ዜናውን የተናገረው ሆነ። ዘግይቶ የመጣው የታወቀውን የሚደግም ወሬ ነበርና ያን ያህል አልጠቀመም። አብሮ መዋል ብቻ አይበቃም ማለት ነው።

ከባዱ ምት ያረፈው በ1971 ነው። አላን ስተብስ የኬለኸርን ዓይነት ደራቢ ደንብ ወስዶ አንድ ነገር ለወጠ። በየዙሩ መጨረሻ የሚታየውን ብልጭታ ከእህል ጋር ፈጽሞ እንዳይገናኝ አደረገው። በውርስ ትምህርት ከሄድን፣ ከሀብታም ያልተወለደ ምልክት የሚወርሰው የለውም። ነገር ግን ርግቦቹ ከእህል ጋር ተገናኝቶ በማያውቀው ብልጭታም በብዙው ተመሳሳይ ፊርማ ይዘው ይሠሩ ነበር። ብልጭታው ዙሩን ከዙሩ ይለይ ነበር፤ «አንዱ አለቀ፣ ሌላው ጀመረ» ይላል። ያ ብቻ ሥራውን ቅርጽ ለማስያዝ በቂ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሙከራዎች አንዱን ወገን ጠቅልለው አላሸነፉም። ከእህል ጋር የተገናኘ ብልጭታ ይበልጥ የሚሠራባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ልዩነት የማይታይባቸውም አሉ። ዙሩ ስንት ጊዜ ይፈጃል፣ ርግቧ ስንተኛው ዙር ላይ እንዳለች ታውቃለች ወይ፣ እነዚህ ሁሉ ወሳኝ ናቸው። አንድ ነገር ግን ጸና። በወረቀቱ ላይ የሚወጣው መስመር ሽቅብ ስለወጣ ብቻ እንስሳው ምልክቱን «ይወደዋል» ማለት አይቻልም። መንገድ ላይ የተተከለ ምልክትም ያስኬዳል፤ ምልክቱን ግን ማንም አይበላውም።

◆ የሹስተር ሁለት በሮች

ብዙ ያልተወራለት ቁልፍ ሙከራ በ1969 የታተመው የሹስተር ነው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም የሚቆጥሩት ርግቧ ስንት ጊዜ እንደመታች ነበር። ሹስተር ሌላ ነገር ጠየቀ። ርግቧ ብትጠየቅ የትኛውን ትመርጣለች?

ሁለት በር እንዳለው ቤት ማሰብ ይቻላል። በሣጥኑ ውስጥ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ ርግቧ የፈለገችውን በመምታት ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው «ክፍል» ትገባለች። በሁለቱም ክፍል የሚገኘው እህል እኩል ነው፤ የሚመጣበትም ፍጥነት እኩል ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። በአንደኛው ክፍል፣ ከእህሉ በተጨማሪ፣ ከጥቂት ምቶች በኋላ ከእህል ጋር የሚታየው ምልክት ለአፍታ ብቅ ይላል፤ እህል ሳያስከትል።

ብልጭታው ባለበት ክፍል ርግቦቹ አብዝተው መቱ። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው «ይህን ክፍል ወደዱት» ብሎ ይፈርም ነበር። በሩ ላይ ሲመረጥ ግን ወደዚያ ክፍል አላደሉም። እንዲያውም ምርጫቸው ተጨማሪ ብልጭታ ወደሌለበት ወደ ጸጥተኛው ክፍል ያጋደለ ነበር።

ብልጭታዋ ውስጥ ሲሆኑ ታሠራቸዋለች፤ ውጭ ሆነው ሲመርጡ ግን አትስባቸውም። ብዙ መሥራት እና መፈለግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ተገኙ። በሁለተኛው ክፍል ርግቧ የተራራቀ እህል እየጠበቀች የራሷን ጊዜ ትይዛለች። በመጀመሪያው ክፍል ያንኑ እህል ለማግኘት ብዙ ጉልበት ታወጣለች፤ ትርፉ ምንም ነው።

የአንጎል ጥናትም ከዓመታት በኋላ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር ተናገረ። ቮልፍራም ሹልትስ በጦጣዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ዶፓሚን የሚያመነጩት ሕዋሳት መጀመሪያ ጭማቂው ሲመጣ ይነቃሉ፤ ምልክቱ ጭማቂውን እንደሚያስከትል ከተማሩ በኋላ ግን መነቃቃቱ ወደ ምልክቱ ይሻገራል። ኬንት ቤሪጅ እና ቴሪ ሮቢንሰን ደግሞ ከ1993 ጀምሮ መመኘትና መደሰት በአንጎል ውስጥ ተነጣጥለው ሊሄዱ ይችላሉ ብለው ተከራክረዋል። ምኞቱ እየጋለ ደስታው ሊቀዘቅዝ ይችላል።

◆ ከሣጥኑ ውጭ

ብልጭታዋ ጉዳት እንደምታስከትል በግልጽ የታየው በሱስ ጥናት ነው። በ1970ዎቹ ስቲቨን ጎልድበርግ ከኬለኸርና ከሌሎች ጋር ሆኖ ደራቢውን ደንብ ወደ ኮኬይንና ሞርፊን ወሰደው። ትናንሽ ጦጣዎች ቁልፍ እየተጫኑ አጭር ብርሃን ያያሉ፤ የመድኃኒቱ መርፌ የሚመጣው ከረጅም ሥራ በኋላ ነው። ብርሃኑ እስካለ ድረስ ጦጣዎቹ መድኃኒቱ ሳይደርሳቸው ለረጅም ጊዜ ይሠሩ ነበር። ብርሃኑ ሲነሳ፣ መድኃኒቱ በቦታው እያለ እንኳ፣ ሥራው በጣም ቀነሰ። ከሱስ የወጣ ሰው የድሮውን ሠፈር፣ የድሮውን ዕቃ ሲያይ ለምን እንደሚናወጥ ለማጥናት ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ ያገለግላል።

እዚህ ላይ ሚዛን ያስፈልጋል። ብልጭታዋ በራሷ ክፉ አይደለችም። የብሬላንድ ሰዎችና ተከታዮቻቸው ውሻንም ዶልፊንንም ያሠለጠኑት በፉጨትና በ«ቀጭ» ነው። ዶልፊን አየር ላይ ዘልሎ እያለ ዓሣ ማጉረስ አይቻልም፤ ፉጨቱ «ይህችን ነው ያልኩህ» ብሎ ዘመኑን ይይዛል፣ ዓሣው ይከተላል። በተማሪ ደብተር ላይ የሚያርፈው የመምህር ቀይ እርማትም እንዲሁ ነው፤ ረጅሙን መንገድ በአጭር በአጭሩ ይከፍለዋል። ልዩነቱ ያለው ፉጨቱን ተከትሎ ዓሣው መምጣቱ ላይ ነው። ሐቀኛ አሠልጣኝ በባዶ አያፏጭም።

በቁማር ማሽን ውስጥ ግን የሚያፏጨው ሌላ ነው። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲው ማይክ ዲክሰንና ባልደረቦቹ በ2010 ያሳተሙት ጥናት ዘመናዊው ማሽን የሚሠራውን አሳየ። ተጫዋቹ በብዙ መስመሮች ላይ ያስይዛል። ከአንዷ መስመር ጥቂት ይመለስለታል፤ ግን ካስያዘው ያነሰ ነው። በሒሳብ ቋንቋ ተበልቷል። ማሽኑ ግን መብራቱን ያበራል፣ ሙዚቃውን ያሰማል፣ እንዳሸነፈ ያደርገዋል። የተጫዋቾቹ ቆዳ ላይ የተለካው መነቃቃት በእውነተኛ ድል ጊዜ ከሚታየው ጋር ይቀራረብ ነበር። ይህ የስኪነር ባዶ «ቀጭ» ነው፤ ልዩነቱ አይጧ እየከፈለች አልነበረም።

ብሪታንያ ነገሩን ወደ ሕግ ወሰደችው። የሀገሪቱ የቁማር ተቆጣጣሪ በ2021 ባወጣው ደንብ፣ ተጫዋቹ ያገኘው ካስያዘው እኩል ወይም ያነሰ ሆኖ ሳለ የድል ድምፅና ምስል ማሳየትን በኢንተርኔት የቁማር ማሽኖች ላይ ከለከለ። ገንዘቡን አልነካም። ዕድሉን አልነካም። ይህ ክልከላ የነካው ብልጭታዋን ነው። ይህ ራሱ ብልጭታዋ ምን ያህል እንደምትመዝን የሚመሰክር ነው።

የስልኩ ታሪክ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ፌስቡክ የ«ላይክ» ቁልፉን ያስተዋወቀው በየካቲት 2009 ነው። በኅዳር 2017 የድርጅቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የነበረው ሾን ፓርከር በአደባባይ ሲናገር፣ የመሥራቾቹ ጥያቄ የሰውን ጊዜና ትኩረት በተቻለ መጠን እንዴት መውሰድ ይቻላል የሚል እንደነበር አመነ። ቀዩ ነጥብ፣ የመልእክቱ ድምፅ፣ ከፍ ከፍ የሚለው ቁጥር፣ ሁሉም የኬለኸርን ነጭ መብራት ይመስላሉ። ከስንት ብልጭታ በኋላ አንድ ቁም ነገር ያለው የወዳጅ መልእክት ይመጣል። ሌላው ጊዜ ብልጭታ ብቻ ነው።

◆ የሚቆጠረው ምንድን ነው?

«ሰው ርግብ አይደለም» የሚል መልስ ይቀርባል፤ ትክክልም ነው። ሰው ያስባል፣ ይተዋል፣ ስልኩን ያጠፋል፣ ጾም ይይዛል። ርግብ የደንቡን ጸሐፊ አታውቅም፤ ሰው ማወቅ ይችላል። ከዚህም በላይ በርግብ ላይ የተገኘ ውጤት ሁሉ ሳይመረመር ሰው ላይ አይጫንም። የብሬላንዶቹ ራኩን እንዳሳየው፣ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው እንኳ ሲኬድ ደንቡ ያፈነግጣል።

ይሁንና የታሪኩ ፍሬ «ሰው እንደ ርግብ ነው» የሚል አይደለም። ፍሬው ስለ አቆጣጠር ነው። ለአርባ ዓመታት ያህል ጥንቁቅ ሰዎች ምት ሲቆጥሩ ኖሩ። በመጨረሻም ከቁጥሩ ብቻ ስለ ፍላጎት መፍረድ እንደማይቻል የገዛ ርግቦቻቸው አስተማሯቸው። ብልጭታ ምትን ያበዛል። ከእህል ጋር ተገናኝቶ የማያውቅ ብልጭታ እንኳ ሥራን ቅርጽ ያስይዛል። ምርጫ ሲሰጥ ግን ብዙ የተመታበት ክፍል የተመረጠው ክፍል አይደለም።

እንግዲህ አንድ ኩባንያ «ተጠቃሚዎቻችን በቀን ይህን ያህል ሰዓት ያሳልፋሉ» ሲል፣ ያቀረበው የፍላጎት ማስረጃ ሳይሆን የብዕሯን መስመር ነው። የውርርድ ቤት ባለቤት «ወጣቱ ራሱ ነው የሚመጣው» ሲል፣ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ምት ቆጥሮ በሩ ላይ ያለውን ምርጫ ዘሏል። ፖለቲከኛም ቢሆን በገጹ ላይ የተደረደረውን የ«ላይክ» ብዛት የሕዝብ ድጋፍ ነው ብሎ ሲያነብ ያው ስህተት ውስጥ ይገባል። ሦስቱም የሚጠቅሱት ቁጥር እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ የሚመልሰው ጥያቄ ግን እነሱ የጠየቁት አይደለም።

ትክክለኛው ጥያቄ እንደ ሹስተር በር ያለው ነው። ድምፁ ጠፍቶ፣ ቀዩ ነጥብ ተነስቶ፣ እህሉ ባለበት ቢቀር፣ ሰው ወዴት ይሄዳል? ይህን መፈተን አይከብድም። ማሳወቂያው ሲጠፋ አገልግሎቱን ፈልጎ የሚመጣ ሰው ስንት ነው? የድል ሙዚቃው ሲነሳ ወንበሩ ላይ የሚቆይ ስንት ነው? የብሪታንያው ደንብ የዚህን ጥያቄ አንድ ክፍል በሕግ ጠይቋል። ኩባንያዎቹ ግን በገዛ ፈቃዳቸው የሚጠይቁበት ምክንያት የላቸውም፤ መልሱ ቢጎዳቸውስ?

ርግቧ ስንት ጊዜ መታች ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው፤ ቆጣሪው ይናገራል። የት መሆን ትፈልጋለች ለሚለው ግን መልስ የሚያገኘው በሩን የከፈተላት ብቻ ነው።